የዓይን ንቅሳት፦ ክንድ ላይ እሺ፣ ብሌን ላይ እምቢ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች ግማሾቹ ዓይን ስለሚመስል ንቅሳት፣ ግማሾቹ ደግሞ ዓይን ውስጥ ስለሚወጋ ቀለም ናቸው። መልሶቹን የንቅሳትና የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች አብረው አዘጋጅተዋቸዋል።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን መነቀስ እፈልጋለሁ። የወደድኩት ፎቶ የሚመስለውን ነው፤ ነቃሹ ግን «በጠይም ቆዳ አያምርም» አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ ስለማይችል? መጠኑስ፣ ቦታውስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ቀለሙ የሚቀመጠው ከቆዳው ገጽ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፤ ከላዩ ያለው ቆዳህ የራሱ ቀለም ስላለው ንቅሳቱን የምታየው በሱ ውስጥ አሳልፈህ ነው። ፎቶ የሚመስል ዓይንን ሕያው የምታደርገው ደግሞ ብሌኑ ላይ የምታብለጨልጨው ነጭ ነጥብ ናት። ነጭ ቀለም ጠይም ቆዳ ላይ ጊዜ ሲያልፍበት ወይ ይበልዛል ወይ ጭራሽ አይታይም። ሥራውን የሚያውቅ ነቃሽ ያቺን ነጥብ በነጭ አይሞላትም፤ ቆዳህን ባዶ ትቶ ዙሪያዋን ያጠቁራል። ነቃሽህ ይህን ካላወቀ ጥፋቱ የቆዳህ አይደለም።

ለኛ ቆዳ የሚሆን ዓይን ፍለጋ ሩቅ መሄድም የለብህም። የክታብ ጠልሰሞችን ተመልከት፦ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ክብ ብሌን፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ (ከኛው ከተማ ጋር እንዳይምታታ) ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ዓይናቸው ከታች ሆኖ ለሚያየው ሁሉ ይለያል። እንዲህ ያለ ሥራ ከ10 ዓመት በኋላም ዓይን መሆኑ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ነጠላ ዓይን በጎን ተነቅሰህ ሥዕል የሚያውቁ አባት ፊት ብትቀርብ እሳቸው የሚያነቡት ሌላ ነው። የግብጹ የሆረስ ዓይን መስመሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ለንቅሳት ይመቻል። ቱርኮች ለቡዳ የሚያንጠለጥሉት ሰማያዊ ዓይን ግን ውበቱ ሁሉ ከሰማያዊውና ከነጩ ነው፤ ጠይም ክንድ ላይ ብዙ አይቀርለትም።

መጠኑን ከ6 ሴንቲ ሜትር አታሳንሰው። ቀለም በቆዳ ውስጥ በዓመታት ስለሚሰፋ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ካልተተወ ሽፋሽፍቱ ተያይዞ አንድ ጥቁር ጥላሸት ይሆናል። ቦታው የክንድህ ውስጠኛ ክፍል፣ ከክርንህ መታጠፊያ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው። የእጅ አንጓና መታጠፊያዎች ላይ ቀለሙ ወይ ይሰፋል ወይ ይለቃል። ንድፉ ቆዳህ ላይ ሲለጠፍ እጅህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ብቻ አትይ። ተነሥተህ ክንድህን ልቀቀው፣ ከዚያ መዳፍህን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አዙር። የክንድ ቆዳ ሲዞር አብሮ ይጠማዘዛል፤ ተኝቶ ቀጥ ያለው ዓይን ስትቆም ሸውራራ ሆኖ ያርፋል። ይህ ከመርፌው በፊት በአልኮል የሚጠፋ ስህተት ነው፣ ከመርፌው በኋላ አይደለም።

ከመቀመጥህ በፊት ትከሻህ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ዳስሰው። አብጦ የቆዳህን ደረጃ ካለፈ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚያወጣ ቆዳ ሊኖርህ ይችላልና ንቅሳቱን ተወው፣ ወይም መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይህ። መርፌው ከታሸገ ፓኬት አንተ እያየህ ይከፈት፤ ቀለሙ ከጠርሙሱ በትንሽ ክዳን ተቀድቶ የተረፈው ይደፋ እንጂ አይመለስ። ደጋግመው የሚጠቀሙበት ብረት ካለ ተጠቅልሎ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ለ30 ደቂቃ የተቀቀለ መሆን አለበት። በአልኮል መጥረግ አይበቃም፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ቀይ ቀለም ከሁሉ ይልቅ አለርጂ ያስነሣል።

ቤት ስትገባ በቀን ሁለቴ ሽታ በሌለው ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠበው፣ በንጹሕ ሶፍት አድርቀው፣ ቫዝሊን እንደ ጭጋግ በስሱ ቀባው። ቅቤ አይቀባም። የሱፍ ብርድ ልብስ ጭረቱ ቁስሉ ላይ ስለሚጣበቅ ማታ ማታ ንጹሕ የጥጥ እጀ ጠባብ ልበስ። ከብት ካላችሁ ለሦስት ሳምንት በረት መጥረጉን ለሌላ ስጥ፤ እበት የቲታነስ ጀርም አይጠፋበትም። የደብረ ብርሃን ብርድ ፀሐዩን አያስታውስም እንጂ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ አዲስ ንቅሳትን ከሸዋ ሮቢቱ ሙቀት ይልቅ ያነጣዋል፤ እስኪድን ሸፍነው።

ጥያቄ፦ እኔ በልጅነቴ ድዴንም አንገቴንም በጥቀርሻ ተነቅሻለሁ፣ አንድም ቀን አላመመኝም። የልጅ ልጄ ዓይኑን እነቀሳለሁ ሲል ቤቱ ተተራመሰ። ልዩነቱ ምንድን ነው? (ከአንኮበር)

መልስ፦ እናታችን፣ ቤቱ መተራመሱ ተገቢ ነው። የእርስዎ ድድ ሥር ያለው አጥንት ነው፤ መርፌው ቢያልፍ እዚያው ይቆማል፣ ደም ስለማያጣም ቶሎ ይድናል። ዓይን ግን በውስጡ ፈሳሽና ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ያለበት ክብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበሳ የሚያቆመው የለም። ለድዱም ቢሆን ዕድለኛ ነዎት እንላለን፤ ያን ጊዜ አንዷ መርፌ ለስንት ልጃገረድ እንደዞረች እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የዓይናቸውን ነጭ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ያደረጉ ሰዎች ቪዲዮ አይቻለሁ። አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው አለ ተባልኩ። ጓደኞቼ «ትታወራለህ» ይሉኛል፣ ቪዲዮው ላይ ያሉት ግን እያዩ ነው። የዓይን ሐኪሞችስ ራሳቸው ዓይን ላይ መርፌ ይወጉ የለም? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ሐኪም ዓይን ላይ ይወጋል። የሚወጋው ግን ንጹሕ መድኃኒት ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ሰውነት መጥጦ ይጨርሰዋል። የንቅሳት ቀለም እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ደቃቅ ዱቄት ነው። መድኃኒቱ ቦታውን ቢስት ስህተቱ አብሮት ይመጠጣል፣ ቀለሙ ቦታውን ቢስት ስህተቱ አብሮህ ያረጃል።

አሁን ወደ ሥራው። ይህ በንቅሳት ማሽን የሚሠራ አይደለም፤ በሲሪንጅ የሚወጋ ነው። የዓይን ነጭ ሁለት ነገር ነው፦ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ነጩ ግድግዳ። ወጊው የሚፈልገው ቀለሙ በሁለቱ መካከል ገብቶ እንዲንሰራፋ ነው። ችግሩ ግድግዳው ላይ ነው። ውፍረቱ ብሌኑ አጠገብ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ዓይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች ከሚጣበቁበት ኋላ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሦስት የደብተር ወረቀት ደራርበህ ብትነካው ያ ነው። ቀጭን የምትባለው የኢንሱሊን መርፌ ራሷ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ትወፍራለች፣ የሰላ ጫፏ ርዝመት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የመርፌው አፍ ግማሹ ሽፋኑ ሥር፣ ግማሹ ዓይኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወጊው ደርሻለሁ ወይም አልፌያለሁ የሚያሰኝ ምልክት በጣቱ አይሰማውም። አንተም ዓይንህን ካርገበገብክ ወይም ካዞርክ ልኬቱ ሁሉ ፈረሰ። ያውም አንዴ አይደለም፤ ነጩን ለማዳረስ በአንድ ዓይን በተለያየ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ግድ ነው።

ካለፈስ? ቀለሙ ወደ ውስጠኛው ፈሳሽ ይገባል። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ሊቀደድና ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። ጀርም ከገባ ዓይኑ ውስጥ መግል ይቋጠራል፤ ይህ በአንድ ሁለት ቀን እይታን የሚያጠፋ በሽታ ነው፣ ሐኪሙ አንዳንዴ ሕይወት ለማትረፍ ሳይሆን ሕመም ለማስቆም ብቻ ዓይኑን ያወጣዋል። የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ግላኮማም ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው አንድ ዓይን ሲበሳ ሰውነት የዓይንን ሥጋ እንደ ጠላት ቆጥሮ ጤነኛውንም ዓይን የሚያጠቃበት ሁኔታ ነው። ብዙ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ አልፎ አልፎም ከዓመታት በኋላ ይነሣል። «አንዱን ዓይን ብቻ ልሞክር» የሚል ሰው ይህን አያውቅም።

መርፌው ባያልፍ እንኳ ቀለሙ ባለበት አይረጋም። ወደ ዓይን ቆብ ወርዶ ከዓይን በታች እንደ ተመታ ሰው አጥቁሯቸው የቀሩ አሉ። ዓይኑ ላይ እንደ አተር የሚቋጠር እባጭ፣ ብርሃን መፍራት፣ የማይለቅ ራስ ምታትም ይከተላል። ለዓይን ነጭ ተብሎ የተፈቀደ ቀለም የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ለቆዳ እንኳ ለውበት ተብሎ እንዲወጋ የፈቀደው አንድም ቀለም የለም፤ አንዳንዱ ለመኪና ቀለም የተሠራ ዱቄት ነው።

ቪዲዮው ላይ ያሉት ያያሉ፣ እውነት ነው። ያላዩት ቪዲዮ አይሠሩም። ሥራው አሁን በሚታየው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት ሞዴል ሐምራዊ ቀለም አስወግታ ከዓይኗ ሐምራዊ ፈሳሽ ሲወርድ፣ እይታዋም በከፊል ሲጠፋ ዓለም አየው፤ ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ግዛት በዚያው ዓመት ሥራውን ከለከለ። በአሜሪካ ኦክላሆማ በ2009 ቀድማ ነበር፤ ኢንዲያና በ2018 እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት አበጀችለት። ሥራው የተወለደበት ቦታ የከለከለውን አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ «ልምድ አለኝ» ከሚል ሰው አትቀበል። ስንት ዓይን እንደወጋ ሳይሆን ስንቱን ከአምስት ዓመት በኋላ መልሶ እንዳየ ጠይቀው።

ሌላም የማይወራ ጉዳት አለ። የወፍ በሽታ መጀመሪያ የሚታየው የዓይን ነጭ ላይ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር በዴሲ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ነጩ ቢጫ ይላል፣ ቆዳ ገና ምንም ሳይመስል። ላቦራቶሪ በራቀበት ጤና ጣቢያ ነርሷ ጉበትህን የምታየው በዚያች ነጭ መስኮት ነው። ጥቁር ከቀባሃት ታመህም አይታወቅብህም።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ውስጥ የተወጋውን ቀለም ካልወደድኩት በሌዘር ይጠፋል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አይጠፋም። ሌዘር ቀለሙን የሚሰባብረው አግሎ ነው፤ ያ ብርሃንና ግለት ዓይን ውስጥ ቢገባ ሬቲናን ያቃጥላል። ላይኛውን ሽፋን በቀዶ ሕክምና ቆርጦ ጥቂት ቀለም መቀነስ ይቻል ይሆናል፣ ግድግዳው ውስጥ የሰረገው ግን አይወጣም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሁለት ቀን በፊት ዓይኑን አስወግቶ መጣ። ቀልቷል፣ ይቆረቁረዋል፣ «ይለቀኛል» ይላል። ምን እናድርግለት? (ከአለም ከተማ)

መልስ፦ አትጠብቁ። ደህና ቢመስልም የዓይን ሐኪም ይየው። ዛሬውኑ ውሰዱት የሚያሰኙት ግን እነዚህ ናቸው፦ ሕመሙ ከትናንት ዛሬ ከጨመረ፣ እይታው ከደበዘዘ፣ ከፊቱ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መጋረጃ ከታየው፣ ብርሃን ከጠላ፣ መግል ከወጣ። ጤነኛውን ዓይን በእጁ ሸፍኖ በታመመው ዓይን ጣት ይቁጠር፤ ሁለቱም ዓይን ክፍት ሆኖ ማየቱ ምንም አይነግራችሁም። የማታው መኪና ካለፈ ኮንትራት ያዙ፤ መግል የያዘ ዓይን እስከ ንጋት አይጠብቅም።

እስክትደርሱ አይሸው፣ አይጫነው፣ በውኃም አይጠበው። ጥጥ አትሙሉበት፤ የፕላስቲክ ሲኒ ቂጥ ቆርጣችሁ ጠርዙ ግንባሩና ጉንጩ ላይ እንዲያርፍ፣ ዓይኑን ሳይነካ በፕላስተር ያዙት። ፌጦ፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ አይግባበት። ፋርማሲ ሄዳችሁም ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ አትግዙ፤ ቅላቱን አጥፍቶ ታማሚውን ያታልላል፣ ከሥሩ ግን ኢንፌክሽኑ ይፋፋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የቀለሙን ስም ወይም ጠርሙሱን ማግኘት ከተቻለ ይዛችሁ ሂዱ። ወጊው ሰው ስሙ እንዳይነሣ ቢለምናችሁም ለሐኪሙ መቼ፣ በምንና ስንት ጊዜ እንደተወጋ አትደብቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በሕፃንነቷ ዓይኗን ታማ ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር ቀርቶባታል። አሁን 19 ዓመቷ ነው፣ ሰው ፊት አንገቷን ትደፋለች። ዓይን የሚቀባ ሕክምና አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚህ የወጣቶች ጨዋታ ጋር አንድ ነው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አንድ አይደለም፣ የሰሙትም ውሸት አይደለም። በነጩ ክፍል ሳይሆን ከፊት ባለው መስተዋት መሰል ሽፋን (ኮርኒያ) ላይ ያለን ጠባሳ ማጥቆር የቆየ ሕክምና ነው። ጋለን የተባለው የጥንት ሐኪም በ2ኛው ክፍለ ዘመን በመዳብ ጨው ሞክሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ቮን ቬከር የተባለ የዓይን ሐኪም በቻይና ቀለም አሻሻለው። የሚሠራው በዓይን ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ፣ ብዙውን ጊዜ ማየት ላቆመ ዓይን ነው። ቀለሙ በዓመታት ይለቃል፣ ድጋሚም ይጠይቃል። የጤነኛ ዓይንን ቀለም ለመለወጥ ብቻ በሌዘር የሚደረገውን ዘመን አመጣሽ ግን የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ሳይቀር አስጠንቅቆበታል።

የልጅዎ ነገር ከቀለም በፊት ሌሎች ጥያቄዎች አሉት። ዓይኗ በጨለማ ክፍል የባትሪ ብርሃን ይለያል? ከለየ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሊታሰብ ይችላል፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚሠራው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ለዚህ የቆመ ነው። ጠባሳው በሕፃንነቷ ከመጣ አእምሮዋ በዚያ ዓይን ማየት ሳይማር ቀርቶ ይሆናል፣ ያኔ ንጹሕ ኮርኒያ ቢተከልም እይታው ብዙ ላይመለስ ይችላል። ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቆቧን ገልብጦ የሚያይ ባለሙያ ትራኮማ መሆን አለመሆኑን ይለይ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያዋን እየፋቀ ከሆነ ምንም ቢሠራላት ይበላሻል። በወረንጦ መንቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል፣ ፀጉሩ ግን እንደ ጭራሮ ሾሎ ይመለሳል። ቆቡን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ቀላል ነው፣ በጤና ጣቢያም በሠለጠኑ ነርሶች ይሠራል።

ዓይኑ የማያይ ሆኖ ሕመም ከሌለው ከሁሉ የሚቀለው መልክ የተሣለበት ሌንስ ነው፤ ዓይኑ ከኮሰሰ ደግሞ ሰው ሠራሽ ቅርፊት በላዩ ይለበሳል። ምንም መርፌ የለውም፣ ካልወደደችው ታወልቀዋለች።

ጥያቄ፦ ሰርጌ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው። ቋሚ ኩል ልነቀስ አስቤያለሁ፤ ዓይን ውስጥ ስለማይገባ ችግር የለውም አይደል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ከዓይን ውጭ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ቅርብ ነው። የቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስስ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መርፌው ከጠለቀ ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፣ ጠርዙም እንደ ፈሰሰ ቀለም ይሰፋል። መስመሩ ከሽፋሽፍትሽ ውጭ ይቅር። ኩል በምትኳይበት በውስጠኛው እርጥብ ጠርዝ ላይ እንዳያስገቡ አጥብቀሽ ንገሪያቸው፤ እዚያ የእንባ ቅባት የሚያወጡ ቀዳዳዎች በረድፍ አሉ፣ በላይኛው ቆብ ብቻ ከ25 እስከ 40። ከተደፈኑ እንባሽ ቶሎ ይደርቃል፣ ዕድሜ ልክ የሚቆረቁር ዓይን ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

የማደንዘዣውን ክሬም ስም ጠይቂ። ለቆዳ የተሠሩት አንዳንዶቹ፣ ኤምላን ጨምሮ፣ እንደ በረኪና ወደ አልካሊ ያደላሉ፤ ዓይን ከገቡ ኮርኒያን ያቃጥላሉ። ክሬሙ ሲጠረግ በደረቅ ጥጥ፣ ከዓይን ወደ ውጭ ነው። የተቀጠለ ሽፋሽፍትና ሌንስ ቀድሞ ይውለቅ። ዓይንሽ በዚያ ሳምንት የሚያሳክክ ወይም የቀላ ከሆነ ቀጠሮውን አንሺ። እብጠቱ በሦስት ቀን ይጎድላል፣ ቀለሙ የሚረጋው ግን በአንድ ወር ነው፤ ስለዚህ ከተነቀስሽ በዚህ ሳምንት ይሁን፣ ለሚዜዎችሽ ቀን አይደር። መደገሚያው ከሰርጉ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቀን ፎቶ ብቻ ዓይኔን ሙሉ ጥቁር ማስመሰል እፈልጋለሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ነጩን ጭምር የሚሸፍን ትልቅ ሌንስ አለ። በዓይንሽ ልክ የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከገበያ የተገዛ አንድ ልክ ለሁሉ አይሆንም። የሚታጠበው በሌንስ ውኃ ብቻ ነው፣ በምራቅም አይታጠብ፤ በቧንቧ ውኃ ከታጠበ አካንታሜባ የተባለ ተውሳክ ኮርኒያን ሊበላ ይችላል። ፎቶው እንዳለቀ አውልቂው፣ ለብሰሽው አትተኚ፣ ለጓደኛም አታውሺ።